ስለ ኪቦርድ ፖሊፎኒ የተሰጠው ምክር እርማት ያሻዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ኪቦርድ ለሚገዙ ሰዎች ምክር በለገሰው ጽሑፋችሁ ላይ የፖሊፎኒው ቁጥር በጨመረ መጠን መሣሪያው የተሻለ እንደሚሆን ተገልጾ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ለአንባቢ ማሰባቸውን አልጠራጠርም። ሆኖም ኪቦርድ በማስተማር ዓመታት ያስቆጠርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አባባል አንዳንድ ተማሪዎቼን የማይጠቀሙበትን ሲያስገዛቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ በእጃቸው ያለውን ደኅና መሣሪያ ሲያስንቃቸው ስላየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ፖሊፎኒ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው የድምፅ ብዛት ነው። ጣቶቻችን ዐሥር ሆነው ሳለ 128 ድምፅ ለምን ያስፈልጋል ብሎ ያልጠየቀኝ ጀማሪ የለም። ምክንያቱ ጣት ከቁልፉ ከተነሣ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ድምፅን የሚያቆየው የእግር ፔዳል ተረግጦ በቆየ ጊዜ ቀድመው የተመቱት ኖታዎች እየደከሙ ቢሄዱም ፈጽመው እስኪጠፉ ድረስ እያንዳንዳቸው ቦታ ይዘው ይቆያሉ። የፒያኖው ድምፅ በስቴሪዮ (ለግራና ለቀኝ ለየብቻ) የተቀረጸ ከሆነም በብዙ መሣሪያዎች አንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ ይበላል፤ ስትሪንግ (የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ) ሲደረብበት ደግሞ ፍጆታው ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በማስታወቂያው 64 የተባለው፣ አንድ ቁልፍ አራት ድምፅ በሚወስድበት አደራረብ ወደ 16 ኖታ ይወርዳል። አጃቢ ሪትም ካለም ከበሮውና ቤዙ የሚቀዱት ከዚያው ቋት ነው።

ቋቱ ሲሞላ መሣሪያው በአብዛኛው አዲሱን ኖታ አይከለክልም፤ በመሰማት ላይ ካሉት መካከል የቆየውን ወይም የደከመውን ቆርጦ ቦታውን ለአዲሱ ይሰጣል። ይህን ጆሮ ሳያውቀው የሚያደርግ መሣሪያ አለ፤ በጉልህ የሚያስታውቅበትም አለ። እንግዲህ እኩል ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ኪቦርዶች እኩል አይደሉም፤ ጽሑፋችሁም ይህን ሳያነሣ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

ቁጥሩ ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) ዛሬ ፈላጊ ባላገኘም ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ኖታ ብቻ ነውና። በ1978 የመጣው ፕሮፌት 5 አምስት፣ በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ደግሞ ዐሥራ ስድስት ድምፅ ነበራቸው። በአናሎጉ ዘመን እያንዳንዱ ተጨማሪ ድምፅ የራሱ ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጭ) እና ፊልተር (የድምፁን ቀለም የሚቀርጽ) ያለው ሙሉ ሰርኪዩት ስለሚጠይቅ ቁጥሩን ማብዛት ቀላል አልነበረም። ለሊድ፣ ማለትም ለመሪው ዜማ፣ እንዲሁም ለቤዝ አንድ ድምፅ ይበቃል፤ እንዲያውም ኖታው ቀዳሚውን ቆርጦ መግባቱ ለዜማው ውበት የሚሆንበት ጊዜ አለ። (አንዳንድ ማስታወቂያ አራት ድምፅ ብሎ የሚያሞግሰው መሣሪያ አራቱንም በአንድ ፊልተር የሚያሳልፍ ሆኖ እንደሚገኝ ገዢው ልብ ይበል።)

ታዲያ መግዣው ጊዜ መቼ ነው? ለተማሪዎቼ የምሰጠው ፈተና ይህ ነው፦ የሚዘወተረውን ድምፅ ከነድርቡ መርጦ፣ ፔዳሉን ረግጦ በግራ እጅ ዝቅተኛ ኖታ መምታት፤ ከዚያም በቀኝ እጅ ላይኛው ክፍል ላይ በፍጥነት እየሮጡ የታችኛው ኖታ ሳይደክም ድንገት ይጠፋ እንደሆነ ማዳመጥ። ካልጠፋ የፖሊፎኒ ችግር የለም። ከጠፋም ድርቡን መቀነስ፣ ወይም ለቀረጻ ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ተጫውቶ ኮምፒውተር ላይ በድምፅ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዴ የተቀረጸ ድምፅ ከኪቦርዱ ቋት ምንም አይወስድምና። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኖታው መቆረጡን ካልተወ፣ ያን ጊዜ መሣሪያ መለወጥ ተገቢ ነው፤ የሚገዛውም በዚሁ ፈተና ይፈተን።

አንድ ተማሪዬ ባለ 64 ድምፅ ኪቦርዱ ኖታ እየቆረጠ አስቸገረኝ ብሎ ሊለውጠው ተነሥቶ ነበር። ስንመረምረው ኮርድ ሲለውጥ ፔዳሉን ጨርሶ አያነሣም ነበር፤ ማንሣቱን ሲለማመድ መቆረጡ ቀረ። ከዓመት በኋላ ግን ቁልፎቹ ለጣቶቹ እጅግ ስለቀለሉበት ክብደት ያላቸውን እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ በዚህኛው አልተከራከርሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኪቦርድ መምህር