ወባ አልነበረብኝም

ጎንደር፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትርሲትዬ፣

እንዴት ከረምሽ ልልሽ አስቤ አፈርኩ። ሦስት ዓመት ከረመ አይባልም። በቴሌግራም አራቴ ጽፌ አራቴ አጥፍቼዋለሁ። ማታ ማታ ስሜ ሥር "እየጻፈች ነው" የሚል አይተሽ ከሆነ፣ አዎ፣ እኔው ነኝ። መጨረሻ ላይ ከተማሪዎቼ ደብተር መሀል ሁለት ሉክ ገነጠልኩ። ወረቀት ላይ ማጥፋት አይመችም።

ይቅርታውን ቶሎ ብዬ ልገላገለው። ወባ አልነበረብኝም።

በሠርግሽ ሳምንት "ወባ ጥሎኛል" ያልኩሽ ውሸት ነው። ለሚዜ ቀሚስ የተባለው 7 ሺህ ብር አልነበረኝም። የመምጫውም የመመለሻውም አልነበረኝም። እንደምትከፍይልኝ አውቅ ነበር፤ እሱን ነው የፈራሁት። ከዚያ ስትደውይ አላነሳሁም። ከዚያ ደግሞ አለማንሳቴን የማስረዳበት አጣሁ። ከዚያ አንቺም ተውሽው፤ እውነትሽን ነው። ዘንድሮ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ አንድ ዓይነት ጥልፍ የለበሱ ሁለት ልጆች ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ሲጋፉ አየሁና ሆዴ ተላወሰ። መውለድሽንም ከሰው ነው የሰማሁት። እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጁ ቆሞ መሄድ ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። በቃ፣ የቀረውን በአካል ትቆጪኛለሽ። (በአካል ያልኩትን ያዥልኝ፣ እመለስበታለሁ።)

አሁን ጉዳዬን ልንገርሽ። ሥራ አገኘሁ። ያውም ሁለት፣ ያውም ውጭ አገር። አትጩኺ፣ መጀመሪያ ጨርሺው።

እዚህ አንድ የግል ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 9 ሺህ 400 ብር ነው። አምና ቴፍል የሚሉትን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ የ120 ሰዓት ኮርስ በስልኬ ጀመርኩ። ኔትወርክ ሲመጣ እነሳለሁ፣ ሲሄድ እተኛለሁ። ሰርተፊኬቱ ሲደርሰኝ በሩ ሁሉ የሚከፈትልኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። "ኔቲቭ ስፒከር" የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ማለት፣ የቋንቋ ነገር ይመስለኝ ነበር እኮ! የፓስፖርት ነገር ነው። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የምትሰጠው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገር ሰዎች ነው። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፤ ጎንደር የለችበትም። ቻይናም በአብዛኛው እነዚያኑ ነው የምትፈልገው።

አንዱ ደላላ ግን "ችግር የለም፣ በቢዝነስ ቪዛ ቻይና እናስገባሻለን" አለኝ። ለምዝገባ ብሎ 12 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ላክሁለት። የዕቁቤን! ዕጣው የወጣልኝ በዚያው ሳምንት ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም። ቆይቼ ሳጣራ፣ በቢዝነስ ቪዛ ገብቶ ማስተማር እዚያ ሕገ ወጥ ነው፤ የሥራው ቪዛ ዜድ የሚባለው ነው። ሳስበው፣ ሰውዬው ዋሽቶኝ በመጥፋቱ ተረፍኩ። እንዳለው የእውነቱን ቢያስገባኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር? ይሄን ለማንም አልነገርኩም። እማዬ ዕጣው ገና አልወጣም ብላ ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ሁለቱ። አንዱ ሐርጌሳ፣ ሶማሌላንድ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው። በወር 500 ዶላር፣ ቤት ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር በጋራ፣ ምሳ ከእነሱ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ 30 ክፍለ ጊዜ። ዓመቱን ሙሉ ይከፍላሉ። ሁለተኛው ታይላንድ ነው፣ ከባንኮክ ራቅ ያለች ከተማ። በወር 25 ሺህ ባት፣ በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ። ቤት የለውም፣ ቲኬት የለውም።

500 ዶላር ሲሉኝ መጀመሪያ ያደረግሁት በብር ማባዛት ነው። ወደ 75 ሺህ። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ! ከዚያ ግን አንቺን የሚመስል ድምፅ ጆሮዬ ላይ "ተቀመጪ" አለኝ። ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ነበር። ያው 500 ዶላር ያኔ 28 ሺህ 500 ነው። ታዲያ ትልቅ ደመወዝ አገኘሁ ወይስ ብራችን ነው የቀለለው? ደግሞስ ሐርጌሳ ሽንኩርት በብር አልገዛም። እዚያ በዶላርና በስልክ ገንዘብ ነው የሚገበያዩት፤ ዛድ ይሉታል፣ እንደ እኛ ቴሌብር። በብር ማባዛት ያለብኝ ተርፎኝ ለእማዬ የምልከውን ብቻ ነው። ይሄን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንቺ ባንክ ውስጥ ስለሆንሽ ትስቂብኛለሽ።

ታይላንዱን እንዲሁ አገላበጥኩት። 25 ሺህ ባት ከ700 ዶላር በላይ ነው፤ ከሐርጌሳው ይበልጣል ብዬ ነበር። ኮንትራቱን ዝቅ ብዬ ሳነብ የሚከፈለው የአሥር ወር ነው። እዚያ ትምህርት ግንቦት ላይ እኛ ክረምት ልንገባ ስንል ይጀምርና መጋቢት ላይ ያልቃል፤ በረጅሙ ዕረፍት ደመወዝ የለም። 250 ሺህ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 20 ሺህ 833 ባት። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ምግብ፣ ሞተር ብስክሌት። ገና ስገባ ደግሞ ለቤቱ መያዣ። ቲኬቱም ከኪሴ። ቆራርጬ ቆራርጬ በወር የሚተርፈኝ ወደ 200 ዶላር ሆነ። ሐርጌሳ ቢያንስ 300 የሚተርፈኝ ይመስለኛል። ትንሹ ደመወዝ በለጠ ማለት ነው!

ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል ደግሞ በሌላ መንገድ አሰላሁት። ደመወዙን ለክፍለ ጊዜ አካፈልኩት። ሐርጌሳ በወር 120 ክፍለ ጊዜ ነው፤ አንዱ 4 ዶላር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ታይላንድ 88 ነው፤ አንዱ ከ8 ዶላር በላይ። እጥፍ! 30 ክፍለ ጊዜ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ዘንድሮ 28 ይዣለሁ፣ ዓርብ ዓርብ ድምፄ ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነው ቤት የምገባው። ኪሴን ብጠይቀው ሐርጌሳ ይላል፣ ጉሮሮዬን ብጠይቀው ታይላንድ። ይኸውልሽ፣ የማላውቀው ይሄን ነው። የትኛው ነው ልኩ?

አንድ ነገር ደግሞ አናዶኛል። የዚያኑ የታይላንድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሌላ ቦታ አገኘሁት። ለኔቲቭ 38 ሺህ ባት ይላል። ያው ክፍል፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው ጠዋት በር ላይ ቆሞ ልጆቹን መቀበል። 13 ሺህ ባት የፓስፖርት ሽፋን ዋጋ! ዶርም ሳለን ግሬስን ማን ነበር ግራመር የሚያስረዳት? እሷ እኮ ኔቲቭ ነበረች።

የሙከራ ትምህርቴንማ ብታዪ። በዙም "ለአምስት ዓመት ልጆች ቀለም አስተምሪ" አሉኝ። ልጅ የለም፣ ካሜራውን ነው የማስተምረው። ምስል ላትምም መብራት የለም። ማጀት ገባሁና ለቀይ በርበሬ፣ ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር ኑግ፣ ለነጭ ጨው አመጣሁ። ዘፈን እየዘፈንኩ እያጨበጨብኩ ነው። በርበሬው አፍንጫዬ ገብቶ ሰባቴ አነጠስኩ። የምትፈትነኝ ሴትዮ ስቃ ስቃ "የፈጠራ ችሎታሽ ደስ ይላል" አለችኝ። እማዬ ከጓዳ ሆና "ከማን ጋር ነው የምታብጂው?" ትላለች።

ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። አሁን እዚያ የሚሠራ መምህር አገናኙኝ አልኩ። ሐርጌሳዎቹ በነጋታው ቁጥር ላኩልኝ፤ የደሴ ልጅ ነው። "ደመወዙ ይመጣል፣ አንዳንዴ አሥር ቀን ይዘገያል፣ የመብራቱን ጄኔሬተር ድምፅ ትለምጂዋለሽ" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው አምናለሁ። የታይላንዶቹ "ሁሉም በሥራ ተጠምደዋል" አሉ። ደግሜ ስጠይቅ "በቱሪስት ቪዛ ነይ፣ እዚህ እንቀይርልሻለን" አሉኝ። ያለ ሥራ ፈቃድ ክፍል መግባት እዚያም ሕገ ወጥ ነው፤ ሲያዝ የሚባረረው መምህሩ ነው። ከዚያ ላይ ኔቲቭ ላልሆነ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ያስፈልጋል። የአይኤልትሱ ክፍያ ብቻ ከወር ደመወዜ ይበልጣል።

"ታዲያ ምን ያሟግትሻል፣ ሐርጌሳ ሂጂ" እያልሽ ነው አይደል? አውቅሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሌላ ሰው አይወጣኝም። "ታይላንድ ነኝ" ማለት ስለምፈልግ ነው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ቆሜ ለእነ ሰናይት "ታይላንድ ሄድኩ" ማለት! ሐርጌሳ ስላቸው "እሱማ ጅግጅጋን አለፍ ብሎ ነው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለዚህ ብዬ በወር 100 ዶላር ልጥል ነበር እኮ። ከወባው የተለየ ነገር አይደለም፤ ያው በሽታዬ ነው።

ሐርጌሳም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሻሹ አይከብደኝም፤ ነጠላ ስከናነብ አድጌ። ግን ከአርባ አራቱ ታቦት አገር ወጥቼ እሑድ ጠዋት ክፍል ልገባ ነው። እዚያ የሚያርፉት ዓርብ ነው። ጥምቀትንስ? ለእማዬ "ሥልጠና ልሄድ ነው" ብያታለሁ። የሥልጠናው ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የምታውቅ ይመስለኛል። ትናንት ሳትጠየቅ በሶ መፍጨት ጀመረች።

እሺ፣ አሁን "በአካል" ያልኩሽ። እንዴት እንደምልሽ እንጃ። ዲግሪዬ መረጋገጥ አለበት። ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ደግሞ አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ ማውጣት። ለዚህ አዲስ አበባ መምጣቴ ነው። አንድ ሳምንት ይፈጃል ይላሉ፤ ያው ሁለት ይሆናል። ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የምመጣው፣ መንገዱን እማዬ አትሞክሪው ብላኛለች። የቲኬቱን አለኝ። የማደሪያ ግን...

ሶፋ ይበቃኛል። ልጁን እይዝልሻለሁ፣ ቀለም አስተምረዋለሁ፣ በርበሬ ሳልጨምር። ባለቤትሽ ካልተመቸው ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ፣ ግን አልነግርሽም። ሽሮና ድርቆሽ ይዤ ነው የምመጣው። ከሽሮው በፊት ግን ሂሳቡን እይልኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የዳቦ ሳንቲም ለአራት ስታካፍይ እንደነበረው ቁጭ ብለሽ እይው። ሐርጌሳዎቹን 550 በሉኝ ወይም ክፍለ ጊዜውን 26 አድርጉልኝ ልበላቸው? ወይስ ለመጀመሪያ ሥራ መደራደር ድፍረት ይሆናል? መልሴን የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ነው።

ካልመለስሽም ይገባኛል። እኔ ሦስት ዓመት ነው የፈጀሁት፣ አንቺ አራት ቀን ብቻ መሆኑ ግፍ ነው።

ቀሚሷን ግን ምን አደረግሽባት? ለሰፊዋ ልኬን ሰጥተሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ተሰፍታ ከሆነ አትጣያት። ወገቡ ላይ አሁን አትገባኝም፣ በእማዬ በሶ ወፍሬያለሁ። ግን መጥቼ ልያት።

ያንቺው
ሰብለ