ክቡር ዳይሬክተር፣ ሰርተፊኬቱን ቆጥረው ጨረሱ?

ይድረስ ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት ልማት ዳይሬክተር፣

በኦንላይን ሥልጠናው ላይ ያለንን ቅሬታ በወጉ አቅርበን ነበር። ቢሮዎ ገባ፤ «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመራ። የሚመለከተው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። እንግዲህ በአደባባይ ልጻፍልዎት።

በሩብ ዓመቱ ሪፖርት የኦንላይን ሥልጠናው «ውጤታማ ነበር» ብለዋል። ማስረጃዎ የሰርተፊኬት ብዛት ነው። የፈተናው መልስ በቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር እንደነበር ግን እርስዎም አይጠፋዎትም። ቪዲዮውን ከፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ማኪያቶ ሊጠጣ ፒያሳ የወጣው ሁሉ ሰርተፊኬት ይዟል።

መዝገብ ቤት ያሉትን፣ «እናታችን» የምንላቸውን ባልደረባችንን ግን «አላጠናቀቁም» አላችኋቸው። ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ነው ተባለ፤ መስኮቱ ግን አልተዘጋም። ባለጉዳይ ተሰልፎ «ቆዩኝ፣ ቪዲዮ ልይ» ይበሉ? ማታ ቤታቸው ገብተው፣ በገዛ ገንዘባቸው ፓኬጅ ሞልተው ተማሩ። ፈተናው መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሰዓቱ አለቀ፣ ፖርታሉ ተዘጋ። እንዲከፈትላቸው ለመኑ፤ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ተባሉ። ከዚያ የሥራ አፈጻጸም ነጥባቸው ተቀነሰ፤ የደረጃ እድገቱም አለፋቸው።

ሥልጠናው እኮ ስለ ዲጂታል መዝገብ አያያዝ ነበር! 100 ከ100 ያመጡት ልጆች ዛሬም ፋይል ሲጠፋባቸው የሚሮጡት ወደ እሳቸው ነው። ስካን አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ የት እንደሚቀመጥ የሚያሳዩዋቸው እሳቸው ናቸው።

የሥልጠና ውጤት የሚመዘንባቸውን የከርክፓትሪክን 4 ደረጃዎች አዳራሽ ሰብስበው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሠልጣኙ ሥልጠናውን ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? የተማረውን ሥራ ላይ አዋለው ወይ? ለመሥሪያ ቤቱስ ምን ለውጥ መጣ? ሰውየው ይህን የጻፈው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። የእርስዎ መጠይቅ «ሥልጠናውን እንዴት አገኙት?» ብሎ አንደኛው ላይ ቆመ። ሦስተኛውን ለማወቅ ከፎቅ ወርዶ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ትንሽ መቆም ይበቃ ነበር። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ሥልጠናን ያሰበው ሠራተኛው ሥራውን በተሻለ እንዲሠራበት ነበር። ሰርተፊኬት እንዲቆጠርበት አልነበረም።

የእናታችን ነጥብ ይመለስ። ፈተና የግድ ከሆነም እዚያው መስኮት ላይ ይሁን፤ 100 ያመጡትም አብረው ይቀመጡ። ባለጉዳይ የጠየቀውን ፋይል ማን ቶሎ እንደሚያወጣ መጥተው ይዩ።

ከአንድ ባልደረባቸው
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ (የሚሰማ ከሆነ)