የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ የጎመን መደብና ሁለት ባትሪ ድንጋይ

ክበቡ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ዕቃ ነው፤ በጓሯችን ያለው የጎመን መደብ ውሃ ሲጠማው የሚያሳውቅ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መለኪያ።

መጀመሪያ ሁለት ሚስማር አፈር ውስጥ ሰክተን በመካከላቸው ያለውን ሬዚስታንስ (አፈሩ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋምበትን መጠን፣ በኦም የሚለካ) ለካን። አልሆነም፤ ማዳበሪያ ሲጨመር ጨው ስለሚበዛ ደረቁ አፈር የራሰ ይመስላል። ስለዚህ ወደ ጀሶ ዞርን። ሁለት እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውሃ በክብደት በጥብጦ፣ አፉ በተቆረጠ የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውስጥ አፍስሶ፣ ሳይጠነክር ሁለት የማይዝግ ሽቦ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው። ጀሶው በጥቂቱ ስለሚሟሟ በውስጡ ያለው ውሃ ቀድሞውኑ በእሱ ጨው የጠገበ ነው፤ ማዳበሪያው ብዙም አያናውጠውም። ከመቀበሩ በፊት ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ዙሪያውም በጭቃ ይሞላል፤ አየር ከገባበት አፈሩን ትቶ አየሩን ይለካል። የእኛዎቹ ርሰው 1 ኪሎ ኦም ገደማ፣ ደርቀው ከ30 በላይ ያሳያሉ።

ንባቡ እንዲህ ነው። በፕሮግራም በሚታዘዝ አርዱይኖ በተባለ ትንሽ ቦርድ ላይ፣ ከፒን 7 (ከ7ኛው መሰኪያ) የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ቀጥሎ ጀሶው፣ ከዚያ ፒን 8፤ የሬዚስተሩና የጀሶው መገናኛ ቮልቴጅ ወደሚያነበው መሰኪያ ወደ ኤ0። ፒን 7 በርቶ 8 ጠፍቶ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድ ንባብ። ተገላብጦ ሌላ 2 ሚሊ ሰከንድ፣ ሁለተኛ ንባብ። ከዚያ ሁለቱም ይጠፋሉ። ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢፈስ ሽቦው ይበላል፣ ንባቡም ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሎ በ10 ማባዛት መልሱን በኪሎ ኦም ይሰጣል። ማመሳከሪያው የባትሪው ቮልቴጅ ራሱ ስለሆነ ድንጋዩ ቢደክምም ግድ የለም።

ሁለቱ ንባቦች ሲደመሩ 1023 አካባቢ፣ ማለትም ኤ0 ለሙሉው የባትሪ ቮልቴጅ የሚሰጠው ቁጥር፣ መምጣት አለባቸው። ጥር ላይ ድምሩ ከ1050 አለፈ። ሁሉም ብየዳውን ጠረጠረ፤ ጥፋቱ ግን በፕሮግራሙ ላይ በሁለቱ ንባቦች መሃል ተረስቶ የቀረ የ500 ሚሊ ሰከንድ ማዘግያ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስ ነበር።

ባትሪ የሚበላው ግን ጀሶው አይደለም። የአርዱይኖ ኡኖ ቦርድ ቺፑ ቢተኛም ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ይጠጣል፤ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ድንጋይ ሦስት ቀን አይደርስም። ስለዚህ ቦርዱን ትተን የቦርዱ አእምሮ የሆነውን አትሜጋ328ፒ ቺፑን ብቻውን፣ በውስጥ 8 ሜጋኸርዝ ሰዓቱ አሠራነው። በየ8 ሰከንዱ እየነቃ ተመልሶ ይተኛል፤ 75ኛው ላይ፣ ማለትም በ10 ደቂቃ አንዴ፣ ይለካል። መጀመሪያ አናሎግ አንባቢውን (ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን የቺፑን ክፍል) ሳናጠፋ ስላስተኛነው በማይክሮ አምፔር ፈንታ ሩብ ሚሊ አምፔር ገደማ አየን።

ይህን ለመለካትም ብልሃት ይጠይቃል። የርካሽ መልቲሜትር የ200 ማይክሮ አምፔር መስመር ውስጡ 1 ኪሎ ኦም አለው፤ ቺፑ ነቅቶ 4 ሚሊ አምፔር ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወድቅና ቺፑ ሥራውን ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። መልቲሜትሩን በሽቦ አሻግሮ፣ ቺፑ ሲተኛ ሽቦውን መንቀል ነው።

የቀረን ሙቀት ነው። በየዲግሪው ሬዚስታንሱ 2 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ ለውሃ ማጠጫ የምንመዘግበው የንጋት 12 ሰዓቱን ንባብ ብቻ ነው።