እማዬ ሰፊውን ቤት የተውነው ለዚህ ነው

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። እሁድ ስንደዋወል ኔትወርኩ ሲቆራረጥ "በቃ የወደዳችሁትን አድርጉ" ብለሽ ስልኩን ለታናሼ ሰጠሽው፣ ድምፅሽ ቅር እንዳለው ገባኝ፣ እኔም ሌሊቱን እሱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ስለዚህ በስልክ ከምንቆራረጥ ብዬ ጽፌ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ ተረጋግቶ ያንብብልሽ፣ ለመውጣት ሲቸኩል ሳይሆን ቡና ስትጠጡ።

ከዋሽንግተን ዲሲ ራቅ ያለውን የጀርመንታውኑን ቤት ፎቶ ስልክልሽ እንዴት ደስ እንዳለሽ አውቃለሁ። አራት መኝታ፣ አዲስ፣ ኪችኑ ሰፊ፣ ላንቺ የራስሽ ክፍል ከነሻወሩ። ለጎረቤትም እንደነገርሽ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ እሱን ትተን ዊተን የሚባል ሰፈር በ1950ዎቹ የተሰራች ትንሽ ቤት ልንገዛ ነው ስልሽ "ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋችሁት" አልሽኝ። እማዬ አልፈርድብሽም፣ ዋጋቸው እኮ ብዙም አይራራቅም፣ በዛው ብር ሰፊው እያለ ጠባቧን መግዛት ለሰው ግራ ነው የሚሆነው።

ግን መንገዱን ልንገርሽ። ቤቱን ያየነው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሳናስበው ደረስን። አንዲት የስራ ጓደኛዬ እዛ አካባቢ ገዝታ አምስት ዓመት ተመላልሳለች፣ "ፈርመሽ ሳትጨርሺ በስራ ቀን ነድተሽ እይው" አለችኝ። እኔም አንድ ማክሰኞ በሌሊት ተነስቼ ጀርመንታውን ሄድኩና ልክ እዛ እንደምኖር ሆኜ ከዛ ቤት በር ጠዋት 1 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) ተነሳሁ። 270 የሚሉት ሰፊ መንገድ አለ፣ መኪናው ሁሉ እሱ ላይ ነው፣ ዲሲን ዙሪያዋን የሚከባት ቤልትዌይ የሚባለው መንገድ ጋ ስደርስ ጭራሽ ቆመ። ዲሲ የምሰራበት ክሊኒክ ጋ የደረስኩት 2 ሰዓት ከ35 ነው፣ ስራ የምገባው ደግሞ 2 ተኩል። ማታ 11 ሰዓት ወጥቼ ያ ቤት በር ላይ ተመልሼ ስቆም 12 ሰዓት ከ40 ሆኗል። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት ቦታ 12 ሰዓት ይዘጋል እማዬ፣ ካረፈድሽ በደቂቃ ነው የሚቆጥሩብሽ። ብሩስ ይሁን፣ ሁሉም ልጅ ተወስዶ የኔ ልጅ ጃኬቱን ለብሶ ቦርሳውን አዝሎ በር በሩን ሲያይ ነው የታየኝ። አማችሽ እንደሆነ 8 ሰዓት ወጥቶ ኤርፖርት ይገባል፣ እኩለ ሌሊት ነው የሚመለስ፣ ስለዚህ ማታ ለልጆቹ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባቡርም አይተናል። ከጀርመንታውን ማርክ የሚባል ባቡር አለ፣ ግን ጠዋት ወደ ዲሲ ማታ ከዲሲ ነው የሚሰራው፣ ቅዳሜና እሁድ የለም፣ አንዱ ካመለጠሽ ቀጣዩን መጠበቅ ነው፣ ቀን ላይ ልጅ አሞታል ተብሎ ቢደወልልኝ በምን እመጣለሁ? ሻዲ ግሮቭ የሚባለው ጣቢያ መኪና አቁሞ ሜትሮ፣ የከተማውን ባቡር፣ መያዝም ይቻላል፣ እሱም ሁለት ጉዞ ነው። ከዊተን ግን የሜትሮው ቀዩ መስመር ላይ ቁጭ ካልኩ መሀል ዲሲ ለመግባት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቤቷ ከጣቢያው በእግር 15 ደቂቃ ናት። ሁለቱን መንገድ ደምሬ ሳየው በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት አለው፣ ልጆቹ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይተኛሉ፣ እንግዲህ ያ ሁለት ሰዓት እኔ እናት የምሆንበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ታናሼ "ኢንተርኔት ላይ የሚሰጣቸውን ነጥብ አይቻለሁ፣ ከ10 የዊተኑ 4 ነው የዛኛው 8 ነው" ብሎ እንደነገረሽ አውቃለሁ። እኔም ስንት ሌሊት እሱን ቁጥር ሳይ አድሬያለሁ፣ አልዋሽሽም። እዚህ አገር ልጅ የመንግስት ትምህርት ቤት የሚመደበው ባድራሻው ነው፣ መንገድ ተሻግረሽ ካለው ቤት ልጅ ጋር ሌላ ሌላ ትምህርት ቤት ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ለዛ ነው ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን የሚጠይቀው፣ ሪልተሮቹም፣ የቤት ደላሎቹ፣ ቁጥሯን እየጠሩ ነው የሚሸጡት። ግን ያ ቁጥር በብዛት ከፈተና ውጤት ነው የሚወጣው፣ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅ ገቢ ባለበት ነው የሚሄደው፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ጥናት የሚያስጠና ሰው የሚከፈልለት ልጅ የበዛበት ሰፈር ከፍ ይላል፣ ትናንት ከውጭ የመጣ ልጅ የበዛበት ዝቅ ይላል። አስተማሪው ጎበዝ ይሁን ሰነፍ ቁጥሩ አይነግርሽም።

ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት በካውንቲ፣ እንደኛ ወረዳ በይው፣ ነው የሚተዳደረው፣ ትምህርት ቢሮዎቹ በጠቅላላው 24 ብቻ ናቸው፣ ጀርመንታውንም ዊተንም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ቦርዱ አንድ፣ ካሪኩለሙ አንድ፣ የአስተማሪው ደሞዝ ስኬል አንድ። ሌላ ስቴት ቢሆን ከተማ በዘለልሽ ቁጥር ትምህርት ቢሮውም በጀቱም ሊለያይ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሌላ ሀሳብ ነበረኝ።

ስለዚህ ፈቃድ ወስጄ ሁለቱንም ሄጄ አየሁ። የሩቁ ያምራል፣ ህንጻው አዲስ ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። የዊተኑ ያረጀ ነው ኮሪደሩም ጠበብ ይላል፣ ግን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ የልጄን ስም ጠይቃ በትክክል እስክትጠራው ሶስቴ ደጋገመችው፣ የምዝገባ ወረቀቱንም ስትሰጠኝ "በአማርኛ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ካውንቲው ለወላጅ የሚልከውን ወረቀት ከሚተረጉምባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው እኮ እማዬ፣ አንቺም የልጅ ልጅሽን ወረቀት ራስሽ ታነቢያለሽ። አንደኛ ደረጃ ከ1 ማይል ወዲህ የሚኖር ልጅ አውቶቡስ አይመደብለትም፣ እኛም ከዛ ወዲህ ነን፣ ትምህርት የሚጀምረው 3 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ አባቱ ከስራ በፊት እጁን ይዞ በእግር ያደርሰዋል። ትንሿ ግን ትቆያለች፣ ኪንደርጋርተን ለመግባት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለባት፣ እሷ ጥቅምት ላይ ስለሆነች አንድ ዓመት ትጠብቃለች።

አሁን ስላንቺ ልንገርሽ፣ ይሄን በስልክ ማለት ያቃተኝ ነው። እዚህ ብዙ እናቶች ይመጣሉ፣ ልጆቻቸው ሩቅ ትልቅ ቤት ገዝተው ጠዋት ሁሉም ይወጣል፣ እናት ብቻዋን ትቀራለች፣ መኪና አትነዳ፣ ጎረቤት አታውቅ፣ ውጪ ብትወጣ ሰው የለም። አንዷን እናት ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸው "ልጄ ቤቱስ ቤተ መንግስት ነው፣ ድምፅ ግን የለውም" ብለው አለቀሱብኝ። አንቺ ማለዳ ኪዳን ሳታደርሺ፣ ጎረቤት ቡና ሳትጠሪ ውለሽ አታውቂ፣ እዛ ቤት እንዴት አድርጌ ላስቀምጥሽ? ከዊተን ግን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው ሰፈር ቅርብ ነው፣ የኛ ሰው ሞልቷል፣ እንጀራው ትንንሽ ሱቅ ሁሉ ይሸጣል፣ ራይድ ኦን የሚባለው የካውንቲው አውቶቡስ ከ2025 ጀምሮ በነጻ ሆኗል፣ መንገዱን አንዴ ካሳየሁሽ ቤተ ክርስቲያን ራስሽ ትሄጃለሽ። ደግሞ ይሄ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው፣ ይሄንንም ለጎረቤት ንገሪልኝ። ሜትሮው ብቻ ያስፈራሽ ይሆናል፣ የዊተን ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ በምዕራቡ የዓለም ክፍል ከዛ የሚረዝም የለም ይላሉ፣ ግን ሊፍት ስላለ በዛ ነው የምንወርደው፣ አትጨነቂ።

ታስታውሻለሽ አዘዞ ያለውን ግቢ ትተሽ ፒያሳ ጀርባ አንድ ክፍል የተከራየሽው? እኔ አምስተኛ ክፍል ልገባ ስል። ዘመድ ሁሉ ጓሮ ያለው ቤት ትታ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ገባች ብሎ ሲያወራብሽ አንቺ ጠዋት ጠዋት ተሳፍረሽ ወደ አዘዞ ስራሽ ትሄጂ ነበር፣ እኔ ግን ለምሳ ቤት ደርሼ እመለስ ነበር። ድንች በአዋዜ ተሸፍኖ ይጠብቀኝ ነበር። መንገዱን አንቺ ወሰድሽው፣ እኔን አላስኬድሽኝም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ለእነሱም ለኔም መንገዱ እንዲያጥር ነው፣ የሚሆን ከሆነ።

ቤቷ ችግር የለባትም አልልሽም። መታጠቢያው አንድ ነው፣ ልጆቹ አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ ጣሪያውም ሁለት ሶስት ዓመት ቢቆይ ነው ብሎናል ያየልን ሰውዬ፣ ለሱ ከአሁኑ ብር ማስቀመጥ ጀምረናል። የትምህርቱንም ነገር በየወሩ ሄጄ እየጠየቅኩ ነው የምከታተለው፣ ልጁ ወደኋላ እንደቀረ ባይ ዝም አልልም።

አሁን አንድ ነገር በእውነት መልሺልኝ። ላንቺ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዷ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ ናት፣ ሰፊ ናት፣ በርዋ በጓሮ ነው፣ ጎመንና ጤና አዳም የምትተክይበት መሬትም እዛው ደጃፏ ላይ ነው፣ ግን ወደ ላይ ለመምጣት 12 ደረጃ አለው። ሌላዋ ላይ ናት፣ ጠባብ ናት ግን ደረጃ የላትም፣ መታጠቢያውም አጠገቧ ነው። ጉልበትሽ ደህና ነው እያልሽ እንዳታታልይኝ፣ ሐኪሙ ያለሽን ታናሼ ይንገረኝ፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ቀለም ቀቢው ሲመጣ የትኛዋን እንደሚጀምር ልነግረው ነው።

ልጅሽ