የመጋዘን ጉድለት ሲገኝ ከሰው በፊት እርጥበቱ ይጠየቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በሥራ ቦታ መተማመን ይስፈን እየተባለ ሥልጠና ይሰጣል፤ ይሰጥ። በጎጃም ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ግን ሠራተኛውን ሆድና ጀርባ የሚያደርገው ከጠባይ ይልቅ የእህል ጉድለት ነው። በቆሎ በሚገዛበት ሰሞን ገዢው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሠራተኛው ተባብረው ሌት ተቀን ይለፋሉ። ሰኔ ላይ ቆጠራ ተደርጎ ሁለት ሦስት ኩንታል ሲጎድል የጎሪጥ መተያየት ይጀመራል፤ ሐሜቱም መጋዘን ኃላፊው ላይ ያርፋል።

እህል ግን ማንም ሳይነካው ይጎድላል። ከቡሬ ወይም ከጃቢ ጠህናን በ15 በመቶ እርጥበት የገባ 100 ኩንታል በቆሎ ደርቆ 13 በመቶ ሲደርስ የሚመዝነው 97 ኩንታል ከ70 ኪሎ ገደማ ነው። የጎደለው 230 ኪሎ ውሃ ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፦ ከ100 ላይ 15 ሲቀነስ ውሃ የሌለው 85 ይቀራል፤ ይህ 85 በ13 በመቶ እርጥበት የእህሉ 87 በመቶ ስለሚሆን ለ0.87 ይካፈላል። የገቢ ደረሰኙ ብዛትና ዋጋ ብቻ ከያዘና በመግቢያው ቀን የነበረው እርጥበት ካልተጻፈበት ግን ይህን ማስላት አይቻልም። ንጹሕ ሰው ራሱን የሚከላከልበትን ማስረጃ ያጣል።

ሁለተኛው የጉድለት ምክንያት ባስኩላው፣ ማለትም ጆንያ የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ነው። በአንድ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ከተሳሳተ በ1000 ጆንያ 5 ኩንታል ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ግዥ ከመጀመሩ በፊት የሚዛን ድንጋይ በአራቱም ማዕዘን እያስቀመጡ ማንበብ ይገባል፤ ንባቡ ከተለያየ ወይ መሬቱ ዘምሟል ወይ ሚዛኑ ጥገና ይፈልጋል። 10 ባዶ ጆንያ አንድ ላይ መዝኖ ለ10 ማካፈልም በጆንያው ክብደት ላይ የሚነሣውን ክርክር ይዘጋል። ሲመዘን ገዢውና መጋዘን ኃላፊው አብረው ይቁሙ፣ ቁጥሩ ገበሬው እየሰማ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ማታ ሁለቱ ደብተሮች ተመሳክረው ይፈረምባቸው። ጥራጊውም ተመዝኖ ይመዝገብ።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ስለ ርክክብ ነው። ርክክብ የሚደረገው ሰው ሲጠረጠር ብቻ ከሆነ «አስረክብ» የሚለው ቃል ራሱ ክስ ይሆናል፤ የተጠየቀው ሰው ይቀየማል፣ ባልደረቦቹም ያፈገፍጋሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ገንዘብ ያዡም ገዢውም መጋዘን ኃላፊውም ፈቃዳቸውን በየተራ ይውጡ፤ ሲወጡ ቆጥረው ያስረክቡ፣ ሲመለሱ ቆጥረው ይረከቡ። ሁሉም የሚያልፍበት ሲሆን ማንንም አያስቀይምም። ፈቃድ እየተከለከለ ዓመታት ቁልፍ ይዞ የሚኖር ሰው ለማኅበሩም ለራሱም አደጋ ነው።

ጉድለት ሲገኝ ሥራ አስኪያጁ ወሬው ለኮሚቴ ሳይደርስ ባለጉዳዩን ጠርቶ ቁጥሩን በጽሑፍ ይስጠው፤ ደረሰኞቹን የሚያይበት ሁለት ሦስት ቀንም ይተውለት። በቅደም ተከተል እርጥበቱ፣ ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ ያለ ወጪ ደረሰኝ የተጫነ እህል፣ ነቀዝና አይጥ ይጣራ። ሳያጣሩ ከደመወዝ መቁረጥ ቤቱን በሙሉ ያስኮርፋል፤ በሕግ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት በሚቆረጥበት ጊዜም አዋጁ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገድቧል። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ምክንያቱ ያልተገኘ ጉድለት ካለ ግን በግልጽ ይነገር፣ በሕግ ይጠየቅ። ሌባን መሸፋፈን በሐቅ የሚሠራውን ሰው ሞራል ይገድላል።

የእርጥበት መለኪያ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መግዛት ይከብድ ይሆናል። መሠረታዊ ማኅበራትን ያቀፉት ዩኒየኖች ጥቂት ገዝተው በግዥው ወራት በተራ ቢያውሱ ይበቃል። እስከዚያው ደረቅ ጨው ከበቆሎው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ከድኖ መነቅነቅ ይረዳል፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ትክክለኛ ቁጥር ስለማይሰጥ ለሒሳብ አይሆንም፤ ያልደረቀውን ለመመለስ ግን ይበቃል። ለመጪው ኅዳር ደረሰኝ የምታሳትሙ ማኅበራት ከኩንታሉ ቀጥሎ «እርጥበት በመቶ» የሚል ዓምድ ጨምሩበት።

የኅብረት ሥራ ሒሳብ ባለሙያዎች፣ ከምዕራብ ጎጃም