የሮኪ ፍላትስ ፕሉቶኒየም አባቱ ይታወቃል

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮሎራዶ ውስጥ ለኑክሌር ቦምብ የፕሉቶኒየም ክፍሎች ይሠሩበት ስለነበረው ስለ ሮኪ ፍላትስ ፋብሪካ አፈር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ፕሉቶኒየም ከቦምብ ሙከራዎች የተነሣ በመላው ዓለም አፈር ውስጥ ስለሚገኝ የኮሎራዶው ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም ብላችኋል። መገኘቱስ እውነት ነው። መለየት አይቻልም ያላችሁ ግን ማን ነው?

ፕሉቶኒየም ክብደታቸው የሚለያይ ዓይነቶች አሉት፤ ከእነዚህ ፕሉቶኒየም 240 ከ239 ጋር ያለው ምጣኔ ይለካል። በሙከራ ፍንዳታ ተበትኖ ከሰማይ የወረደው 0.18 አካባቢ ነው። ለቦምብ የተዘጋጀው ደግሞ 240ው እንዳይበዛበት ከኑክሌር ማብላያው ቶሎ ስለሚወጣ 0.06 አካባቢ ነው። ከፋብሪካው በስተምሥራቅ የተዛቀ አፈር ላብራቶሪ ሲገባ አባቱን ይናገራል።

በፋብሪካው ለተነሡት ሁለት ቃጠሎዎች ግን ገጹን ሞልታችሁታል፤ እሳት መቼስ ለፎቶ ይመቻል። ከ1969ኙ (እ.ኤ.አ.) ቃጠሎ በኋላ ኬሚስቱ ኤድ ማርቴል ከግቢው ውጭ ባለው አፈር ፕሉቶኒየም ሲያገኝ፣ ከቃጠሎው ሳይሆን ከሚያፈሱ በርሜሎች የመጣ ነው ብለው የመለሱት ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ናቸው! አብዛኞቹ ፕሉቶኒየም የነካው የማሽን ዘይት የሞላባቸው ከ5,000 በላይ በርሜሎች ለዓመታት ደጅ ተደርድረው ዛጉ፣ አንጠባጠቡ፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ አፈሩን ወደ ምሥራቅ ጠረገው። በዘገባችሁ አንድም በርሜል የለም።

በስተምሥራቅ ደግሞ እኛ አለን። እናንተ ዘንድ ሐበሻ ከኦሮራ ወጥቶ አያውቅም መሰለኝ፤ አርቫዳና ዌስትሚንስተር ቤት ከገዛነው አንድ ሰው አላነጋገራችሁም። ደላላችን «ጎረቤታችሁ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው፤ ማንም ፎቅ አይሠራባችሁም» እያለ ያሞገሰልን ይህንኑ የቀድሞ የፋብሪካ መሬት ነው። ስለ አጋዘኑ ብዙ አወራ፤ ስለ በርሜሉ ትንፍሽ አላለም። ባለቤቴ ጓሮ ጎመንና ጤና አዳም ተክላለች። ነፋስ ሲነሣ ቅጠሉ አቧራ ይለብሳል፤ እሷም ልጆቹን ከመደቡ ስታባርር ትውላለች።

ሕዝብ ላስፈራራ አልተነሣሁም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከመሬቱ በስተምሥራቅ በሚያልፈው ኢንዲያና በተባለው መንገድ ዳር ከተወሰዱት የአፈር ናሙናዎች አንዱ 264 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ ነው) በግራም ሲለካ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ለተደረገው ጽዳት የወጣው መመዘኛ 50 ነበር፤ አብዛኞቹ ናሙናዎች ከዚያ እጅግ ያነሱ እንደነበሩም አውቃለሁ። ታዲያ ይህንን ማመዛዘን ለአንባቢ መተው አትችሉም ነበር? «አይታወቅም» ብሎ መዝጋት ለጸሐፊው ይቀላል፤ ጥፋቱን ለሠራው ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ማረሚያውን እጠብቃለሁ። ነዋሪ ማነጋገር ስትፈልጉም ከኦሮራ ዌስትሚንስተር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

አንባቢያችሁ፣ ከዌስትሚንስተር፣ ኮሎራዶ