ግድግዳውን ብቻ አይታችሁ አትሂዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጡ፣ ስለ ጤና ጣቢያዎች ጉዳት ሲነሣም ወሬው ሁሉ ስለ ግድግዳ ስንጥቅ ነበር። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያስደነግጠኝም። ምሰሶ ላይ በሰያፍ የወረደውን ግን መሐንዲስ ሳያየው በሽተኛ አይግባ።

ከዚያስ? ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ማን አነበበ? የኦክስጅን ሲሊንደሩስ በሰንሰለት ታስሯል? ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። የሮቶው ቧንቧ ከተነቀለ ደግሞ ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳው ደህና ቢሆንም ውኃ የለውም።

መንቀጥቀጡ ተመላላሽ ስለነበር አንዴ አይቶ መሄድ አይበቃም። ጉዳቱን ለመመዝገብ ቅጽ የሚሞሉት ሰዎች የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ብቻ ሳይሆን አዋላጇንና ጽዳት ሠራተኛዋንም ይጠይቁልን። የትኛው በር አልዘጋ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ